ጆሮ ሲደነቁር፣ ምድር ስትዞር

ልጅቷ ወጣት ነበረች። ወቅቱ የአውሮፓ ክረምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ በፈረስ በሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ፣ ያውም ከላይ በተሠራው ገላጣ መቀመጫ ላይ ሆና ስትጓዝ አደረች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጆሮዎቿ በድንገት ድፍን አሉ። ማዞሩም አብሮ መጣ፤ ትንሽ ለመንቀሳቀስ በሞከረች ቁጥር ታስመልስ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

እኛ ሀገር ቢሆን ኖሮ “ብርድ መታት” ተብሎ ይቀበር ነበር። ፓሪስ ላይ ግን ፕሮስፔር ሜኒየር የተባለ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ዋና ሐኪም የነበረ ሰው የልጅቷን ነገር አልረሳም። አስከሬኗ ሲመረመር አንጎሏና ህብለ ሰረሰሯ ጤነኛ ነበሩ። የውስጥ ጆሮዋ ሲከፈት ግን ግማሽ ክብ ሠርተው የተቀመጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ደም በቀላቀለ ቀይ ነገር ተሞልተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1861 ሜኒየር በፈረንሳይ የሕክምና አካዳሚ ፊት ቆሞ፣ ሰው በድንገት ሲያዞረው፣ ሲያስመልሰውና ጆሮው ሲደነቁር መነሻው አንጎል ሳይሆን የውስጥ ጆሮ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የዘመኑ ሐኪሞች ቶሎ አልተቀበሉትም። በእነሱ እምነት እንዲህ ያለ ማዞር የሚመጣው ደም አንጎል ላይ ሲከማች ነው፤ መድኃኒቱም ደም ማፍሰስ፣ ዋግምት፣ አልቅትና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነበር። ሜኒየር በዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 1862 ሞተ፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ሲያገኝ አላየም። የኋላ ሐኪሞች ደግሞ የልጅቷ ሕመም ዛሬ በሜኒየር ስም ከሚጠራው በሽታ የተለየ እንደነበር፣ ምናልባትም ወደ ጆሮዋ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደነበር ያስባሉ። ያም ሆኖ ሰውየው የጠቆመው ቦታ ትክክል ነበር። ዛሬ በየቤታችን የሚያዞረው ሰው ደም ማነስ ነው፣ ግፊት ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባለ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲንከራተት ሳይ፣ ከ160 ዓመት በፊት የተነገረው ነገር ገና ሰፈራችን እንዳልደረሰ ይሰማኛል። የሚያዞረው ሰው ሁሉ የጆሮ ሕመምተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ጆሮው በድንገት የጠፋበትና ከዚያ ወዲህ የሚያዞረው ሰው ግን ሕመሙ መፈለግ ያለበት መጀመሪያ ከጆሮው ውስጥ ነው።

ምክንያቱ የአካሉ አሠራር ነው። ከጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ ጠልቆ፣ እጅግ ጠንካራ በሆነ የራስ ቅል አጥንት ውስጥ፣ መስሚያውና ሚዛን መጠበቂያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መስሚያው ኮክሊያ ይባላል፤ ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ ቱቦ ነው። ሚዛን መጠበቂያው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎችና ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉት። ቱቦዎቹ የራሳችንን መዞር፣ ከረጢቶቹ ደግሞ ማዘንበላችንን፣ ወደፊት መሄዳችንንና የምድርን ስበት ይለካሉ። እነዚህ ሁለት አካላት በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ተከራዮች ናቸው፤ የውኃ ቧንቧቸው አንድ ነው፣ ቆጣሪያቸውም አንድ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ፖታሺየም የበዛበት ፈሳሽ ያው አንዱ ነው፤ የሚመግባቸው የደም ሥር አንድ ቀጭን ሥር ነው፤ እሱ ከተዘጋ ተለዋጭ መንገድ የለም። መልእክታቸውን ወደ አንጎል የሚወስደውም ስምንተኛው የራስ ነርቭ ነው። አንዱን ያገኘ አደጋ ለሌላው የሚተርፈው ለዚህ ነው።

በሁለቱም ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ጸጉራም ሕዋሳት የሚባሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ኮክሊያ ውስጥ የሚገኙት ከ15 ሺህ ብዙም አይበልጡም፤ ሰው ላይ ደግሞ አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም።

ሚዛን መጠበቂያው የሚሠራልንን ሥራ ካልታመምን አናውቀውም። ራሳችንን ወደ ቀኝ ስናዞር ዓይናችን ሳናዘው ወደ ግራ ይዞራል፤ ይህም የሴኮንድ መቶኛ ክፍል በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል። እየተራመድን ማስታወቂያ ማንበብ የምንችለው በዚህ ነው። አንድ አሜሪካዊ ሐኪም የቲቢ መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን ተሰጥቶት ሁለቱም የሚዛን አካላቱ ጠፉ፤ በ1952 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የራሱን ታሪክ ጻፈ። መጽሐፍ ለማንበብ ራሱን ከአልጋው ራስጌ ብረቶች ጋር አስደግፎ መያዝ ነበረበት፤ ያም ሆኖ የልቡ ምት ራሱን በነካው ቁጥር ፊደሎቹ ይዘሉበት ነበር። መንገድ ላይ ሲሄድ የሚያልፉትን ሰዎች ፊት ለመለየት መቆም ግድ ይሆንበት ነበር። ስለ ሚዛን ካነበብኳቸው ሁሉ ይህን ያህል ነገሩን ያስረዳኝ የለም።

ድንገተኛ የመስማት መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፀጥታ ነው። ሰው ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ አንድ ጆሮው የለም። ስልኩን እንደ ልማዱ በዚያ ጆሮ ሲይዝ ድምፅ የለም፤ የተበላሸው ስልኩ ይመስለዋል። ወይም “ጧ” የሚል ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ጆሮው ይደፈናል፤ ከዚያም ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ጩኸት ይጀምራል። ቤተሰብ ይሰበሰባል። “እማዬ፣ ኩክ ይሆናላ! ዘይት ሞቅ አድርጌ ልጨምርልሽ?” ትላለች ልጅ። “ጉንፋን ነው ልጄ፣ ሲለቀኝ ይከፈታል” ትላለች እናት። በፍቅር የተነገሩ ቃላት ናቸው፤ ግን አንድ ሳምንት ይሄዳል፤ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ክሊኒክ ቢሄዱም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የጆሮ ጠብታና አንቲባዮቲክ ነው። የጠፋው ጊዜ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ሐኪሞች ድንገተኛ የሚሉት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በሦስት ተከታታይ የድምፅ ድግግሞሾች (ፍሪኩዌንሲ) ላይ፣ ቢያንስ 30 ዴሲቤል የመስማት ኃይል ሲጠፋ ነው። በአሜሪካ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው ከ5 እስከ 27 የሚሆኑት እንደሚያጋጥማቸው ይገመታል፤ በድምሩ ወደ 66 ሺህ ሰው ማለት ነው። ከአሥሩ በዘጠኙ ላይ ትክክለኛው መነሻ ተለይቶ አይታወቅም። ቫይረስ፣ የደም ሥር መዘጋት፣ ሰውነት ራሱን ማጥቃቱ ይጠረጠራሉ። ከመቶ ጥቂቶቹ ላይ ከነርቩ ያደገ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ስለሚገኝ ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ኩክ ይሁን ነርቭ ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ በሐኪሙ ኪስ ውስጥ የምትገባ የምትነዝር የብረት ሹካ። ሹካዋ ግንባር መሐል ስትቀመጥ ድምፁ በተደፈነው ጆሮ በኩል ከጎላ ችግሩ ኩክ ወይም መሐለኛው ጆሮ ላይ የቋጠረ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ድምፁ ወደ ጤነኛው ጆሮ ከሄደ ግን የታመመው የውስጥ ጆሮ ወይም ነርቩ ነው። ሹካ በሌለበት ሰው አፉን ዘግቶ “እምምም” ብሎ ማዳመጥ ይችላል፤ የሚከተለው ሕግ ያው ነው። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ግን በዘይትና በጠብታ ሳምንት እንዳይጠፋ ያስጠነቅቃል።

ሕክምናው ስቴሮይድ ነው፤ በአፍ የሚዋጥ ወይም በታምቡሩ በኩል በመርፌ ወደ መሐለኛው ጆሮ የሚሰጥ። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2019 ባደሰው መመሪያ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንዲጀመር፣ ካልተሻለም ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በመርፌ እንዲሞከር ይላል። መድኃኒቱ ሁሉንም ያድናል የሚል ማረጋገጫ የለም። ያለ ሕክምናም ከታማሚዎቹ ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በራሳቸው በተወሰነ ደረጃ ይሻላቸዋል። ነገር ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚሞከር ብዙ ነገር ስለሌለ፣ በጊዜው መሞከሩ ተገቢ ነው። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ወይም የሚጠረጠር ሰው ስቴሮይድን ከፋርማሲ ገዝቶ በራሱ እጅ ቢጀምር ራሱን ሌላ አደጋ ላይ ይጥላል። ሐኪም መኖር አለበት።

ጆሮው በጠፋበት ሰዓት ማዞር አብሮ የሚመጣባቸው ሰዎች ከመቶ ከ30 እስከ 60 ይደርሳሉ። እነዚህ ሰዎች የመስማት ኃይላቸው የመመለስ ዕድሉ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ጉዳቱ ከኮክሊያ አልፎ ወደ ጎረቤቱ ደርሷልና። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። የውስጥ ጆሮን የሚመግበው ቀጭን የደም ሥር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ የኋላውን አንጎል ከሚመግብ ሥር ነው። ስለዚህ ጆሮ መጥፋትና ማዞር አንድ ላይ ሲመጡ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ጆሮው ብቻ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ2009 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ የሠለጠነ ሐኪም በአልጋው አጠገብ የሚያደርገው የዓይን እንቅስቃሴ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚነሳ ኤምአርአይ የበለጠ ስትሮክን እንደሚለይ አሳየ። ከማዞሩ ጋር አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአንደበት መኮላተፍ፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ወይም ያለ ድጋፍ ፈጽሞ መቆም አለመቻል ካለ፣ ያ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደ መኝታው አይወሰድም።

ስትሮክ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ክፉ ናቸው። አንዱ ወገን ዝም ብሏል፤ ሌላው ወገን ሁልጊዜ የሚልከውን መልእክት መላኩን ቀጥሏል። አንጎል ይህን የሚረዳው ሰውየው እየዞረ እንደሆነ አድርጎ ነው። ዓይን ወደ አንድ ወገን ይዘላል፣ ቤቱ ይዞራል፣ ሆድ ይገለበጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይበርዳል። ከዚያ በኋላ አንጎል የቀረውን አንድ ወገን ይዞ አዲስ ሚዛን መማር ይጀምራል። ይህ ትምህርት ሳምንታት ይወስዳል፤ የሚገኘውም በመንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ስለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው በአስታማሚው ደግነት የሆነው። “ተኛ፣ አትነሳ፣ ይጥልሃል” ይባላል፤ ማዞርን የሚያደነዝዝ እንክብል በወር በወር ይገዛለታል። እንክብሉ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ማስመለሱን ለማስታገስ ይጠቅማል። ከዚያ አልፎ ሲቀጥል ግን አንጎሉን ያፈዝዘዋል፣ ትምህርቱንም ያዘገየዋል። በ1940ዎቹ ለንደን ውስጥ ካውቶርን የተባለ የጆሮ ቀዶ ሐኪምና ኩክሲ የተባለ ባልደረባው፣ የሚዛን አካላቸው የተጎዳ ሕመምተኞች ከአልጋ ቶሎ ወርደው ቢንቀሳቀሱ ቶሎ እንደሚድኑ አይተው የእንቅስቃሴ ሥርዓት አወጡላቸው። ከአልጋ ላይ በዓይን ይጀመራል፤ ጣትን ትኩር ብሎ እያዩ ራስን ማዞር ይቀጥላል፤ ከዚያ መቀመጥ፣ መነሳት፣ ኳስ መወራወር፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይከተላል። ማዞሩን ትንሽ የሚቀሰቅሰው እንቅስቃሴ ነው መድኃኒቱ። ዛሬም የሚሰጠው የሚዛን ፊዚዮቴራፒ የዚህ ልጅ ነው፤ ከግድግዳ፣ ከኳስና ከአንድ ደጋፊ ሰው በቀር ብዙ የሚጠይቀው ነገር የለም።

ሰውየው ተሻለው እንበል። ወር፣ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ለጸሎት ተነሥቶ ስግደት ሲወርድ ምድር ተገለበጠችበት። ወይም ሴትዮዋ ልብስ ልታሰጣ ቀና ስትል፣ አልጋ ላይ ወደ ጎን ስትገላበጥ፣ ሶላት ላይ ግንባሯን ከምንጣፉ ስታሳርፍ። ማዞሩ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው፤ ዝም ብለው ከቆዩ ይበርዳል፤ ያንኑ እንቅስቃሴ ሲደግሙት ይመለሳል። ሰው “ያ ሕመም አገረሸብኝ” ብሎ ይሸበራል፤ አንዳንዱ ስግደቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ይተዋል።

ይህ ሌላ ነገር ነው። በሚዛን ከረጢቶቹ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት የሆኑ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ፤ በክብደታቸው ስበትን የምናውቀው በእነሱ ነው። ጆሮውን የመታው ጉዳት ከረጢቱንም ካቆሰለ ጠጠሮቹ ይላቀቃሉ፣ ከግማሽ ክብ ቱቦዎቹ ወደ አንዱም ይገባሉ። ራስ ቦታ ሲለውጥ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፉታል፣ አንጎልም የሌለ መዞር ይነገረዋል። በ1952 ዲክስና ሃልፓይክ የተባሉ የለንደን ሐኪሞች ምርመራውን ግልጽ አድርገው ጻፉ። ታማሚው አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱን ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ያዞራል፣ ሐኪሙም ይዞት በፍጥነት በጀርባው ያስተኛዋል፤ ራሱ ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ይወርዳል። ጥቂት ሴኮንድ ይጠበቃል። ከዚያ ዓይኖቹ እየተሽከረከሩ መዝለል ይጀምራሉ። ለምርመራው አልጋና ዓይን ብቻ ይበቃሉ።

መድኃኒቱም እንዲሁ በእጅ የሚሠራ ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ይሠራ የነበረው ጆን ኤፕሊ ጠጠሮቹን በራስ እንቅስቃሴ ብቻ ወደ ቦታቸው መመለስ እንደሚቻል ደረሰበት። በ1980 ዘዴውን ለሙያ ጓደኞቹ ሲያሳይ ያመነው ጥቂት ነበር፤ መጽሔቶችም ጽሑፉን ሲመልሱበት ቆይተው የታተመው በ1992 ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሕክምና ነው፤ አብዛኛው ታማሚ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናል። በድንገተኛ የመስማት መጥፋት ምክንያት የመጣው ዓይነት ግን አንዳንዴ እልኸኛ ነውና መደጋገም ይፈልጋል። ለዓመት ማዞር ያሠቃየው ሰው በሩብ ሰዓት እጅ ሥራ ተፈውሶ መውጣቱ ከሕክምና ሁሉ ደስ የሚያሰኘኝ ነገር ነው፤ ይህን ሳያውቅ በየቤቱ ተቀምጦ የቀረው ሰው ብዛት ደግሞ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ዓመታት ቆይቶ የሚመጣው ነው። በ1975 የቦስተን ሐኪሞች የሆኑት ናዶል፣ ዋይስና ፓርከር፣ በድንገት ጆሯቸው ከጠፋ ረጅም ጊዜ በኋላ ማዞር ስለጀመራቸው ሰዎች ጻፉ። በ1978 የዚያው ከተማ ታላቅ የጆሮ ሐኪም ሃሮልድ ሹክኔክት ለሕመሙ ዘግይቶ የሚመጣ የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ መጠራቀም የሚል ስም ሰጠው። ጆሮው ሲጎዳ ፈሳሹን የሚመጥጠው ክፍል አብሮ ይጎዳል። ሰውየው አንድ ጆሮውን አጥቶ ኑሮውን ለምዶታል፤ ከአንድ ዓመት፣ ከአሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ሽፋኑን ይወጥረዋል። አንድ ቀን ድንገት ይነሣበታል፤ ማዞሩ ከሃያ ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓታት ይቆያል፣ ያስመልሳል፣ ያልፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ጤነኛ የነበረው ሁለተኛው ጆሮ መስማቱ ከፍና ዝቅ ማለት ይጀምራል። ይህኛው አስፈሪ ነው፤ የቀረው ጆሮ እሱ ብቻ ነውና ሳይዘገይ መታየት አለበት።

የዚህ ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም መነሻ ሁልጊዜ ድንገተኛ የአዋቂ ሕመም አይደለም። በልጅነት ጆሮ ደግፍ ይዞት አንድ ጆሮው የጠፋ ሰው፣ እናቱም ሳታውቀው ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ስልክ መያዝ ሲጀምር ነው። ማጅራት ገትርም አለ። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነሥቶ እዚህ በሚያበቃው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ናት፤ በሽታው ከሞት የተረፈውን ልጅ ጆሮ ያደነቁራል፣ ሚዛኑንም ይወስዳል። መሄድ ጀምሮ የነበረ ሕፃን ከሕመሙ ሲነሣ ተመልሶ መዳህ ቢጀምር ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ልጆች አድገው በሠላሳና በአርባ ዓመታቸው ማዞር ሲጀምራቸው፣ የልጅነቱን ነገር የሚያስታውስላቸው ሰው ከሌለ ሐኪሙም መነሻውን አያገኘውም።

ፈሳሹ የተጠራቀመበት ሰው ምን ይጠብቀዋል? እዚህ ላይ የአለን ሼፐርድ ታሪክ ይነሣል። በሜይ 1961 ወደ ሕዋ የወጣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ይኸው ፈሳሽ የሚጠራቀምበት የሜኒየር በሽታ ያዘው፤ የግራ ጆሮው ደከመ፣ ማዞር ጣለው፣ ከበረራም ታገደ። በ1968 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዊልያም ሃውስ በተባለ ሐኪም ዘንድ፣ ወሬው እንዳይወጣ በሌላ ስም ተመዝግቦ፣ ፈሳሹን የሚያስወጣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ1969 በረራ ተፈቀደለት፤ በፌብሩዋሪ 1971 በአፖሎ 14 ጨረቃ ላይ ወረደ። ከመሬት ተነሥቶ መቆም ያቃተው ሰው ጨረቃ ላይ ተራመደ። ሆኖም በ1981 የዴንማርክ ሐኪሞች ግማሾቹን ታማሚዎች እውነተኛውን ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹን ደግሞ የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና አድርገውላቸው ሲያነጻጽሩ፣ በሁለቱም ወገን ያሉት ብዙዎች ተሻላቸው። በሽታው በራሱ የሚነሣና የሚበርድ በመሆኑ የትኛው ሕክምና እንዳዳነ መለየት ይከብዳል።

ይህን የማነሳው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ሰው ለእያንዳንዱ አዲስ እንክብል ጥሪቱን እንዳይጨርስ ነው። ለዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ቤታሂስቲን እንኳ በጀርመን በ221 ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ፣ በ2016 የወጣው ውጤት ከባዶ እንክብል የተለየ አልሆነም። ጨው ቀንሱ፣ ቡና ተዉ የሚለው ምክር የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጠንካራ ጥናት አልተሠራበትም። ጨውን መቀነስ ለግፊትም ስለሚበጅ ሰው ቢሞክረው አይጎዳም። ቡናውን ግን፣ ማዞሩን እንደሚያስነሣበት ራሱ ያላስተዋለ ሰው ከቡናው ጀበናና ከጎረቤቶቹ መለየት ያለበት አይመስለኝም። ሕመሙ ለብቻ መቀመጥን የሚያመጣ ነውና ሰው ያስፈልገዋል።

ማዞሩ በምንም ካልበረደ ደግሞ ቆራጥ ሕክምና አለ። ጄንታማይሲን በታምቡሩ በኩል ወደ ጆሮ ውስጥ በጥቂቱ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ የሚዛን ሕዋሳቱን ይገድላል፣ የሚናወጠውም ጆሮ ለዘለቄታው ዝም ይላል። ጤነኛ መስማት ላለው ሰው ይህ ከባድ ውሳኔ ነው። መስማቱ ከዓመታት በፊት የጠፋበት ጆሮ ግን ከዚህ በላይ የሚያጣው መስማት የለውም፤ ስለዚህ ዘግይቶ ለመጣው ሕመም ጥሩ አማራጭ ይሆናል። ይኸው ጄንታማይሲን ለኢንፌክሽን በጡንቻ ወይም በደም ሥር ሲሰጥ የሁለቱንም ጆሮ ሚዛን ሊያጠፋ ይችላል፤ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውና ለብዙ ቀን ሲወሰድ። መርፌውን በሚወስድበት ሰሞን በጨለማ መራመድ ያቃተው ወይም ሲራመድ ዓለም የሚንቀጠቀጥበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ከሕመሙ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ስቃይም አለ። ሕመሙ አይታይም። እግሩ የተሰበረ ሰው ይደገፋል፤ የሚያዞረው ሰው “ደህና አይደለህ እንዴ?” ይባላል። ሲንገዳገድ የሰከረ የመሰላቸው መንገደኞች ይሸሹታል። ስብሰባ ላይ ካልሰማ ንቀት ይመስላቸዋል። ጫማ ሰፊው፣ ግንበኛው፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ቀለም የሚቀባው፣ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን እንጀራውን ያጣል፤ ማዞሩ ሳይታከም መንዳትም ሆነ መሰላል መውጣት የለበትምና። ቀጣዩ ማዞር መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ራሱ ሰውን ከቤት ያስቀረዋል። ቤተሰብ ይህን ሕመም ሕመም ብሎ ቢጠራው ብቻ ለታማሚው ትልቅ እፎይታ ነው።

ከአንገት በላይ ስፔሻሊስቶች በሀገራችን ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ይህ በአንድ ቀን አይለወጥም። ነገር ግን ሹካዋ ርካሽ ናት፣ ጆሮ ማያ መሣሪያውም ውድ አይደለም፣ የዲክስና ሃልፓይክ ምርመራና የኤፕሊ ዘዴ በጥቂት ቀን ሥልጠና ይለመዳሉ። ጤና ጣቢያ ላይ ያለ ነርስ ወይም ጤና መኮንን “ጆሮዬ በድንገት ጠፋ” ያለውን ሰው ጠብታ ሰጥቶ ከማሰናበት ይልቅ በዚያው ሳምንት ወደ ስፔሻሊስት ቢልክ ብዙ ጆሮ ይተርፋል። የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥኑ ሁሉ ይህን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ፣ የእናንተም ሆነ የቤተሰባችሁ ሰው ጆሮ በድንገት ቢጠፋ ነገ አትበሉ። ዘይት አታድርጉበት። ሹካዋን ወይም የመስማት መለኪያ ምርመራ ጠይቁ፤ ማዞር አብሮ ካለ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የምርመራውን ወረቀት፣ ጆሮው የጠፋበትን ቀንና የትኛው ጆሮ እንደሆነ ጽፋችሁ ከልደት ካርዳችሁና ከክትባት ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡ። ማዞሩ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢመጣ፣ የሚመጣበትን በር ለሐኪሙ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።